ያለፍኩት ደጅ

ሪዮ ጋሌጎስ፣ አርጀንቲና
ኦገስት 28 ቀን 1960

ይድረስ ለአሳዳጊዬ ለአክስቴ ለኤርሚንዳ፣ ኪንቱይ ደሴት፣ ቺሎዌ፣ ቺሊ።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ናዝራዊው ኢየሱስ ጤናሽን ጠብቆ፣ ምድጃሽን አሙቆ፣ ጣራሽን ከዝናብ ጋርዶ ያቆይልኝ። እኔ በእሱ ቸርነት ደህና ነኝ። ነፋሱን ካልቆጠርነው ጠላት የለኝም፤ ባለፈው ሳምንት ኮፍያዬን ከራሴ ላይ መንትፎ ወስዶ ይኸው እስከ ዛሬ ራሴን ገልጬ እሄዳለሁ።

አክስቴ፣ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለሁለቱ መልስ አልሰጠሽኝም። ስለዚያ የሜይ ቀን መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ ነው። «ደቡብ ቺሊ ተናወጠ፣ ባሕሩም ከዳርቻው ሸሽቶ ተመልሶ መጣ» ሲል የበግ ሥጋ እየቆረጥኩ ነበር። ከዚያ በጁላይ የባውዲሊዮ ደብዳቤ ደረሰኝ። ባውዲሊዮን ታውቂው የለ? ከበሬ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት አይሆንለትም። «አጎትህ ሮሳሜል በባሕሩ ሞቷል፤ አክስትህ በሕይወት አለች፤ መሬቱ ሰጥሟል፤ በሬዎቹ ደህና ናቸው» ብሎ ፈረመ። በቃ። የአጎቴን መርዶና የበሬዎቹን ደህንነት በአንድ መስመር ነገረኝ።

አልቅሻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ወንዶች እንዳያዩብኝ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩና ለአሥር ሰው የሚበቃ ሽንኩርት ላጥኩ። አባታችን ሆይን ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ መረብ እየጠገነ፣ ስሳሳት በመርፌው ጫፍ ጉልበቴን እየወጋ።

መሬቱ ከሰጠመ ወዲህ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ቤትሽ ሥር እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ታዲያ እዚያ ተቀምጠሽ ምን ትጠብቂያለሽ? እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ምናልባት ድግሱ እዚህ ይሆናል። የበግ ሸላቾች ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ሸለታው በኦክቶበር ይጀምራል፤ ሲያልቅ ምድጃ ያለው ክፍል ተከራይቼ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ። ቤቱን ለባሕሩ ተዪለት። እንጨት ነው።

እስከዚያው ሁለት ነገር ላኪልኝ፤ ወሬና ካልሲ። የዚህ አገር ካልሲ የተሠራው ለሬሳ ነው መሰለኝ፣ ጨርሶ አያሞቅም።

ልጅሽ ፊሊዶር


ኪንቱይ፣ ሴፕቴምበር 30

ፊሊዶር፣

ካልሲው ከዚህ ወረቀት ጋር አለ። ወሬው ግን እንደ ካልሲ አይጠቀለልም።

ያልጻፍኩልህ ጠልቼህ አይደለም። ለመጻፍ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይመጣል። ከወለሉ ሣንቃ ሥር ገብቶ ያንጎራጉራል። ዱቄቱን ወደ ላይ እሰቅላለሁ፣ ሲሄድ አወርዳለሁ፤ ማገዶውን ወደ ውስጥ አስገባለሁ፣ ሲሄድ አወጣለሁ። ሄዶም አያሳርፈኝም፤ ሊመጣ ነው እያልኩ መስኮትና ምድጃ መካከል እመላለሳለሁ። ቆይ፣ ይኸው መጣ። ዶሮዎቹን ላስገባ።

ተመለስኩ። አንዷ ዶሮ አልጋህን ወርሳዋለች፤ አልወርድም ትላለች።

ባውዲሊዮ ያልጻፈልህን ልጻፍልህ። መሬቱ ሲናወጥ እኔ ጉብታው ላይ ድንች እየለቀምኩ ነበር። አጎትህ ሮጦ የጸሎት ቤቱን ደወል ደወለ። የጸሎት መሪያችን ነውና ደወሉን የሰማ ሁሉ ወደ እሱ መጣ። «ወደ ጀልባ! መሬት ይሰነጠቃል፣ ውሃ አይሰነጠቅም! ወደ ጀልባ!» እያለ በየበሩ ጮኸ። አባቶቹ የነገሩትን ነው የተናገረው፤ እኛስ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሌላ ምን ሰምተን እናውቃለን? መሬት ሲከዳህ ባሕር ላይ ውጣ ነው የተባልነው። ወጡ። ከዚያ ባሕሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ሮሳሜል ጀልባው ውስጥ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ከጉብታው ላይ አየሁት። ውሃው ሲመለስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሰባት ሰው ሞተ። ሁለቱ የመበለቲቱ የክሎቲልዴ ልጆች ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላትም። ጉብታው ላይ የነበርነው፣ ደወሉን ሰምተን ለመውረድ ያልደረስንበት ሁላችን ተረፍን። አጎትህን የሰማ ሞተ፣ ያልሰማ ዳነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

አሁን ሰው ሁሉ ቤቱን በደቦ ወደ ጉብታው እያስጎተተ ነው፤ ከሥሩ ግንድ አስገብተው፣ በሬ ጠምደው፣ ከነጣራው። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ባለቤቱ ራሱ በየደጁ ዞሮ መለመን አለበት። እኔ የማን ደጅ ሄጄ ልለምን? «ባሌ ልጆችሽን ገደላቸው፤ አሁን ደግሞ በሬሽን አምጪ» ልበል? የሰው ፊት እሳት ነው።

ድግስ ስላልከው፣ ጠቡን አይቻለሁ፤ ድግሱን አላየሁም። ያገኘኸው እንደሆነ ጻፍልኝ።

አክስትህ ኤርሚንዳ


ሪዮ ጋሌጎስ፣ ኦክቶበር 25

ይድረስ ለውድ አክስቴ።

የሰማይና የምድር ጌታ ያጽናሽ፤ ያንንም ውሃ ከደጅሽ ያርቅልሽ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ፤ ካልሲሽ እግሬ ላይ ነው፤ ሸላቾቹ በዓይናቸው እየሰረቁኝ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩ። አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት፤ የእግዚአብሔርን ስም። ከላይ የለም፣ ከታች የለም፣ መሐልም የለም። ድመት ስታነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የምትዪ ሴት! አጎቴ ቢያይ ምን ይልሽ ነበር? አክስቴ፣ ጸልዪ። እሱ ሐዘንተኛን አይጥልም።

የሰዎቹን ነገር ተዪው። መለመን አያስፈልግሽም፣ እኔ አለሁልሽ። ሸለታው ተጀምሯል፣ ከገና በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ። ክፍሏን አይቻታለሁ። መስኮቷ ወደ ፀሐይ ነው፤ ባሕር ከዚያ አይታይም። ባለቤቷ ሴትዮ ትንሽ ነገረኛ ናት፤ ለአንቺ ግን ጥሩ ጓደኛ ትሆንሻለች፤ የሚያከራክርሽ ሰው ካላገኘሽ እንደምትታመሚ አውቃለሁ።

ልጅሽ ፊሊዶር


ኪንቱይ፣ ኖቬምበር 27

ፊሊዶር፣

«ጸልዪ» አልከኝ። ለቀባሪው አረዱት። የጸሎት መሪ ሚስት ሆኜ ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ስለ ጸሎት ትመክረኛለህ።

ስሙን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ጸሎት ስጀምር የሚመጣብኝ የአጎትህ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ደግሞ «ወደ ጀልባ» ይላል። እሁድ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ሲገባ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አረም እነቅላለሁ። አሁን ነቅዬ ጨርሼ የማንም ያልሆነ ሣር ላይ ደርሻለሁ። ክሎቲልዴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስትዘምር ይሰማኛል። እሷ ያለችበት ቤት ምን ፊት ይዤ ልግባ? ላይ ያለውም ቢሆን ከሁለታችን የማንን ወገን እንደሚይዝ ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ባውዲሊዮ መጥቶ ነበር። አልተቀመጠም፤ ወለሉን በጫማው እየመታ አዳመጠ።

«የማርች ሙላት ትልቅ ነው፤ ይህን ቤት ከነሥሩ ያነሣዋል» አለ።

«ያንሣው።»

«ኧረ ኤርሚንዳ! እንዲህ አይባልም።»

«ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ለምኚ።»

«በል አንተን ለመንኩህ።»

«እንዲህ አይለመንም። ደጄ መጥተሽ ነው እንጂ፣ ያንቺ ቤት ቆሜ እሺ ብልሽ ምን ዋጋ አለው?»

ይኸውልህ። የገዛ ወንድሙ ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ስለ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። የባሰብኝ ይህ ነው። ቢሰድበኝ እኮ አርፌ እተኛ ነበር።

ገና ደረሰ። መቼ ነው የምትመጣው? ሻንጣ ስለሌለኝ የድንች ጆንያ አጥቤ አዘጋጅቻለሁ። ዶሮዋን ማምጣት ይቻላል ወይ? ነገረኛዋ ሴትዮ ዶሮ ትወዳለች?

ኤርሚንዳ


ሪዮ ጋሌጎስ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1961

ለአክስቴ ለኤርሚንዳ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። በቸርነቱ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶ ነው። ብዕሩ መጥፎ ነውና ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ።

አሁን መምጣት አልችልም። ክፍሏን ሌላ ሰው ያዛት። ትንሽ ጠብቂ። ግን ማንንም አትለምኚ። ሰው ፊት ቆሞ አልቻልኩም ከማለት ባሕሩ ይሻላል።

ካልሲ አትላኪ።

ፊሊዶር


ኪንቱይ፣ ፌብሩዋሪ 15

ፊሊዶር ልጄ፣

መጥፎ ብዕር ቀለም ያንጠባጥባል እንጂ ፊደል አያስተኛም። ይህ ጽሕፈት ያንተ አይደለም፤ ያንተ ከሆነም አንድ ነገር ሆነሃል። ታመሃል? ታስረሃል? ማን ጻፈልህ? «አትለምኚ» የሚለውም ያንተ ቃል አይደለም። አንተ እኮ ሰው ቤት ገብተህ እንኳ «ጨምሩልኝ» ለማለት የማታፍር ልጅ ነበርክ፤ ስንቴ አንገቴን አስደፍተኸኛል።

«ባሕሩ ይሻላል» አልክ። ባሕሩ ከምን እንደሚሻል እኔ ልንገርህ? ከምንም አይሻልም። አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ደብዳቤህን እያነሣሁ እየጣልኩ ዋልኩ። ይህ ልጅ ይህንን ከየት ተማረ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ከማን ይማራል፣ ወለሏ ላይ ውሃ እየገባ አፏን ዘግታ ከተቀመጠች አክስቱ ነው እላለሁ። ወዲያው ሻሌን ለብሼ ወጣሁ። ብቀመጥ እንደማልወጣ አውቃለሁ።

ከባውዲሊዮ ደጅ ጀመርኩ። እንጨት እየፈለጠ ነበር። «ስለ ናዝራዊው ብዬ መጣሁ፤ ብቻዬን አልቻልኩም» አልኩት። ቃሉን ሌሎች ሲሉት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከራስ አፍ ሲወጣ ግን እንዴት ይከብዳል! እንደምታውቀው እሺም እምቢም አይባልም። የፈቀደ «ቀኑ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያልፈቀደ ስለ ዝናቡ ያወራል። ባውዲሊዮ መጥረቢያውን አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ቀኑ መቼ ነው?»

ቀን አላሰብኩም ነበር እኮ! ስለ ዝናቡ እንዲያወራኝ ነበር የተዘጋጀሁት። እሱ ራሱ አስቦ ከትልቁ ሙላት በፊት ያለውን ቅዳሜ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ደጅ፣ ከዚያም ሌላ። ባሏን ያጣችው ዘንድ ሄድኩ፣ አባቱን ያጣው ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዝናብ ያወራኝ አንድ ሰው የለም። አንዷማ ከመጀመሬ በፊት «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችና ባሏ ተቆጣት፤ «ትለምን እንጂ! ሥርዓት አታበላሺ» አላት።

አንድ ደጅ ብቻ አለፍኩ፤ የክሎቲልዴን። ጭሷ ይታይ ነበር። ፊቴን አዙሬ በአጥሯ ሥር አለፍኩ። በሬዎቿ ከደሴቱ በሬ ሁሉ ብርቱዎች ናቸው፤ ግን ያለ እነሱም ይሆናል። ልጆቿን የቀበረች ሴት የኔን ቤት እንድትጎትት መጠየቅ ግፍ ነው ብዬ ነው። ቀብር እንኳ ምን ቀብር አለ፣ ባሕሩ አልመለሳቸውም።

በምንም ብዕር ይሁን ጻፍልኝ። የደብዳቤ ጀልባ በመጣ ቁጥር ዳርቻው ላይ ቆሜ የሰው መሳቂያ ሆኛለሁ።

አክስትህ ኤርሚንዳ


ኪንቱይ፣ ማርች 12

ይድረስ ለልጄ ለፊሊዶር።

እግዚአብሔር አብ በዚያ ነፋስ ውስጥ ይድረስልህ፤ ናዝራዊው ልጁ ከጎንህ ይቁም፤ እናቱም እግርህን ታሙቅልህ። አየህ? ስሙን ከላይ ጻፍኩት። አልመለስክልኝም፣ እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ዛሬም መቀመጥ አቅቶኛል፤ ደቦው ትናንት ነበርና።

ጠዋት ጭጋግ ነበር። መጀመሪያ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ወንዶቹ በሬ እየነዱ መጡ፤ ሴቶቹም ድንች፣ ሥጋና ከባሕር የተለቀመ የሚበላ ዛጎል ተሸክመው ተከተሉ። በሩን ነቀሉ፣ መስኮቶቹን ነቀሉ፣ ምድጃውን ለአራት ተሸክመው አወጡት። ዶሮዋ ከአልጋህ አልወርድም ብላ እዚያው ቀረች። ባውዲሊዮ ባዶው በር ላይ ቆሞ ሲጮህ በሬዎቹ ሳቡ፣ ቤቴ ተነቃነቀ፣ ሄደ። እኔ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ «ምነው፣ ልጅ ዳርሽ እንዴ!» አሉኝ።

ከጉብታው በታች ያለው ረግረግ ላይ ስንደርስ ግንዱ ሰመጠ። በሬዎቹ ሳቡ፤ ቤቱ አልነቃነቅ አለ። እንደገና ሳቡ፤ ሁለቱ በሬዎች ተንበረከኩ። ወደ ኋላዬ ዞር ስል ሙላቱ እየመጣ ነው።

«አንድ ጥማድ ይጎድላል» አለ ባውዲሊዮ።

«ከየት ይመጣል?»

ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ሁሉም አየ። የክሎቲልዴ ቤት ከረግረጉ በላይ ነው።

«ሂድና ንገራት» አልኩት።

«ቤቱ የኔ ነው እንዴ? የሚለምን ባለቤቱ ነው።»

«አትመጣም።»

«ጠይቀሻታል?»

ባውዲሊዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኤርሚንዳ፣ ደጇን አልፈሽ ነው? በዚህ ደሴት እኮ ደጅ አይታለፍም።»

ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር።

ወጣሁ። አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀረው። እየወጣሁ ጸለይኩ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጸሎት ከተባለ ማለቴ ነው፤ «አንተ፣ ከቤቷ እንዳላገኛት አድርግልኝ» ነው ያልኩት። አልሰማኝም።

ክሎቲልዴ ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። በሬዎቿ ከፊቷ ቆመዋል። ተጠምደዋል፣ ፊሊዶር። ቀንበሩ ተጭኗል፣ ሰንሰለቱ ተያይዟል። ከሥራቸው የተቆለለውን እበት ሳይ ከጠዋት ጀምሮ እንደቆሙ ገባኝ።

«ለማን ነው የጠመድሽው?» አልኳት።

«ለቤትሽ።»

«ታዲያ ለምን አልወረድሽም?»

«ማን ጠራኝ? ሳይጠሩት አቤት የምል ሴት ነኝ?» ብላ ተነሣች። «ደጄን አለፍሽ። በመስኮት አየሁሽ፣ ፊትሽን አዙረሽ! የደሴቱን ሰው አንድ ሳታስቀሪ ለምነሽ እኔን አለፍሽ!»

«በምን አፌ ልለምንሽ? ልጆችሽን...»

«ልጆቼን ምን? ባልሽ ወደ ጀልባ ሲል ትንሹ ፈርቶ ነበር። እማ፣ እኔ ልቅር አለኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ ሰማሽ? ገፍቼ ነው ያስወጣሁት። ይህንን ለማን ልናገር? እሁድ እሁድ የምጮኸው መዝሙር ይመስልሻል? አንቺ ደጄን ስታልፊ፣ በቃ አወቀችብኝ፣ እሷም ተጠየፈችኝ አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም። በሬዎቹ መሐል ቆመን አለቀስን። በዚያ ሁሉ ወር እኔ እሷን እፈራለሁ፣ እሷ እኔን ትፈራለች፤ በመካከላችን ያለው አንድ አጥር ብቻ ነበር። ከታች ባውዲሊዮ «ውሃው! ውሃው!» ይላል። ድንገት ትዝ ሲለኝ ለካ ገና አልለመንኳትም። ፊቴን በሻሌ ጠርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ክሎቲልዴ፣ ስለ ናዝራዊው ብዬ መጣሁ። ብቻዬን አልቻልኩም።»

እሷም እንባዋ እየወረደ አገጯን ቀና አደረገች፤ እንደ ሥርዓቱ።

«ቀኑ መቼ ነው?»

«አሁን! ውሃው ጉልበት ደርሷል!»

«አንቺ ሰው ቀን መስጠት እንኳ አታውቂም» ብላ በሬዎቹን ነዳች።

ቤቱ ወጣ። አሁን ጉብታው ላይ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ግድ የለኝም። የማብሰያው ጉድጓድ ተከፍቶ በጋለ ድንጋይ የበሰለው ሥጋና ድንች ሲወጣ፣ የፖም ጠጁ ሲዞር ሰው ሁሉ በላ፣ ጠጣ። ባውዲሊዮ ከሰው ጋር አወራ፣ ብታምንም ባታምንም። ድግሱን አየሁት ልጄ። ሮሳሜል ግን አልነበረም፤ የክሎቲልዴ ልጆችም አልነበሩም። እየበላሁም አለቀስኩ።

አሁን ይህን የምነግርህ እኔ አዋቂ ሆኜ አይደለም። ይህን ሁሉ ወር፣ ላይ ያለው በኔ ላይ ደጁን ዘግቶ የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ። የዚያን ዕለት የደወሉን ገመድ ለምን እንዳልበጠሰው አልነገረኝም። ዛሬም አልነገረኝም፤ እኔም መጠየቄን አልተውም። ግን ያቺን ሴት ደጇ ላይ ሳያት አንድ ነገር ገባኝ። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ጠምዶ ተቀምጦ ነበር። ፊቴን አዙሬ በአጥሩ ሥር ያለፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታውን ሳልጠይቀው ይከለክለኛል ብዬ ፈረድኩበት። ዛሬ ጠዋት ጸሎት ቤት ገብቼ ከክሎቲልዴ ጎን ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ከቅርብ ሲሰማ የባሰ ነው፤ ይህን ለማንም አትንገር።

ፊሊዶር፣ ያ ጽሕፈት እንቅልፍ ነስቶኛል። ምን እንደሆንክ አላውቅም። አንተስ የማንን ደጅ እያለፍክ ነው?

አክስትህ ኤርሚንዳ


ሪዮ ጋሌጎስ፣ አፕሪል 9

ይድረስ ለአክስቴ ለኤርሚንዳ።

በጽሕፈቴ አትሳቂ። ግራ እጄ ነው፤ ገና ትምህርት ላይ ነው።

በኖቬምበር የሱፍ መጭመቂያው ቀኝ እጄን ያዘው። ሐኪሙ ከአንጓው ላይ ቆረጠው። ክፍሏን ሌላ ሰው አልያዛትም፤ የተውኳት እኔ ነኝ። የምኖረው የሸላቾቹ መጋዘን ጥግ ነው። ከወንዶቹ የሚያዝኑልኝ አሉ፣ ምግብም ያመጡልኛል። እኔ ግን ሲመጡ የተኛሁ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ስሙን ከላይ እየጻፍኩ «በቸርነቱ ደህና ነኝ» አልኩሽ። አንቺ ስሙን ሳትጽፊ ከእሱ ጋር ትጣዪ ነበር፤ እኔ ስሙን እየጻፍኩ አንድ ቃል አላናገርኩትም። ከሁለታችን ያመንሽው አንቺ ነሽ። ባሕሩ ይሻላል ያልኩትም ቀልድ አልነበረም። ወደብ ድረስ ወርጄ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩት። እበቱ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። መጋዘኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል አንዱ ሸላች «ምን ሆንክ?» አለኝ፤ እኔም «ከጠዋት ጀምሮ እኮ ተጠምደው ነበር» ስለው ያበድኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ውሃውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ከሰው እጅ ስቀበል ዓይኑን ያየሁት እጄን ካጣሁ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ተቀምጬ፣ ከሕፃንነቴ የማውቀውን አባታችን ሆይ ጀመርኩ። መሐሉ ጠፋኝ። ጉልበቴን የሚወጋኝ ሰው የለም።

ሞተር ያለው ጀልባ ይዤ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር የወጣሁት። ጀልባ የለኝም፤ ይዤው የወጣሁትን እጅም አልያዝኩም። መቅዘፍ አልችልም። በሬ መንዳት በአንድ እጅ ይቻል እንደሆነ ባውዲሊዮን ጠይቂልኝ።

እንግዲህ ደጅሽ ቆሜያለሁ። ነፋሱ ባይወስደው ኖሮ ኮፍያዬን አወልቅ ነበር።

ስለ ናዝራዊው ብዬ መጣሁ፣ አክስቴ። ብቻዬን አልቻልኩም።

ፊሊዶር


ኪንቱይ፣ አፕሪል 30

ፊሊዶር ልጄ፣ እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናው።

ባውዲሊዮ «ይቻላል፤ በሬ እጅ አይቆጥርም» ብሏል። ክሎቲልዴ ጀልባው የሚቆምበት ድረስ በሬዎቿን ይዤ ልውረድ ትላለች። የሚመጣው ልጅ ነው እንጂ ቤት አይደለም ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ዶሮዋን ከአልጋህ አውርጃታለሁ፤ ተኳርፈናል።

ቀኑ መቼ ነው?

አክስትህ ኤርሚንዳ